የጥላቻ ንግግርንና ሃይማኖታዊ አክራሪነትን ለመዋጋት ሲነሡ መንግሥታት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጥላቻ ንግግርንና አክራሪነትን ለመከላከል የወጡ ስትራቴጂዎችን ደጋግሞ ያነበበ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። መግቢያቸው ላይ «ኅብረተሰቡን በማሳተፍ» ይላሉ፤ ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ግን አብዛኛው ገጽ ያንኑ ኅብረተሰብ ስለ መከታተል፣ ስለ መቆጣጠርና ስለ መቅጣት የሚያትት ሆኖ ይገኛል። ጉዳዩ የቃላት አመራረጥ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ስብሰባ በታረመ ነበር። ጥቃት ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር እንደተበላሸ የሚያውቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አይጠፉም፤ እናት፣ ታናሽ ወንድም፣ የሥራ ባልደረባ፣ አብሮ የሚያመልክ ጓደኛ። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ወይም አፋቸውን የሚለጉሙት መንግሥት ከዚያ በፊት ምን ሲያደርግ እንደኖረ መዝነው ነው። ከዚህ በታች የተነሡት ስህተቶች የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ መንግሥትን ከእነዚህ ሰዎች ያቆራርጣሉ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉን የሚይዝ ሕግ መጻፍ

አርቃቂዎች ሲሰበሰቡ የመጀመሪያው ጭንቀታቸው አንድም ነገር እንዳያመልጥ ነው። ስለዚህ «ማንቋሸሽ»፣ «ክብርን መንካት»፣ «ሕዝብን ማስቆጣት»፣ «አንድነትን መሸርሸር» የሚሉ ቃላት ይደረደራሉ። ስብሰባው ላይ ሲነበቡ ማንም አይቃወማቸውም። ችግሩ የሚታየው አንድ መርማሪ በእነዚህ ቃላት ላይ ተመሥርቶ መዝገብ ሊያደራጅ ሲቀመጥ ነው፤ ምን ማስረጃ መሰብሰብ እንዳለበት ሕጉ አይነግረውም፤ ማንን መያዝ እንደሚችል ሲጠይቅ ግን መልሱ «ማንንም» ነው።

የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 2 የሚያዘው ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። በሕግ መከልከል ያለበት መድልዎን፣ ጠላትነትን ወይም ዓመፅን የሚያነሣሣ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳ ነው። ጥላቻ ብቻውን አይበቃም፤ ማነሣሣት መኖር አለበት። አንቀጽ 19 በበኩሉ ሐሳብን በመግለጽ ነፃነት ላይ የሚጣል ገደብ በሕግ የተደነገገና በእርግጥም አስፈላጊ እንዲሆን ይጠይቃል። በሁለቱ አንቀጾች መካከል መስመሩ የት እንደሚያልፍ ለመወሰን በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አስተባባሪነት የመከሩ ባለሙያዎች በ2012 በሞሮኮዋ ዋና ከተማ ራባት አንድ ሰነድ አጸደቁ። የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ይባላል። አንድ ንግግር በወንጀል ከማስከሰሱ በፊት ስድስት ነገሮች እንዲመዘኑ ይመክራል፤ ንግግሩ የተነገረበት ሁኔታ፣ የተናጋሪው ተሰሚነት፣ ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑ፣ የንግግሩ ይዘትና አቀራረብ፣ የተሰራጨበት ስፋት፣ በመጨረሻም ጉዳት የማስከተል ዕድሉና የጉዳቱ ቅርበት።

ስድስቱ መመዘኛዎች ወረቀት ላይ ደረቅ ናቸው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲሞከሩ ነፍስ ይዘራሉ። «እነዚህ ሰዎች ከሰፈራችን ይውጡ» የሚለውን እንውሰድ። አንድ ሰው ይህንን መጠጥ ቤት ውስጥ ለአራት ጓደኞቹ ቢናገር፣ እነሱም ሰምተው ወደ ሌላ ጨዋታ ቢያልፉ፣ ንግግሩ አስጸያፊ ነው፤ እስር ቤት የሚያስገባ ግን አይደለም። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው ሰባኪ፣ የአምልኮ ቦታ በተቃጠለ በሦስተኛው ቀን፣ በድምፅ ማጉያ፣ ቤቶቹ ያሉበትን ጎዳና በስም እየጠራ ቢናገረው ፖሊስ ሳይውል ሳያድር መንቀሳቀስ አለበት። ቃሉ ያው ነው፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ግን ተለውጧል። ሰፊ ሕግ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ይከስሳል። ከዚያ ለመያዝ የሚቀለው የመጠጥ ቤቱ ሰው ስለሆነ እሱ ይታሰራል። ሰባኪው ደጋፊ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ አንዳንዴም ከባለሥልጣን ጋር የተነሣው ፎቶ አለው።

ስድስቱን መመዘኛዎች ሕጉ ውስጥ ማስገባት የሚከብድ ከሆነ ቢያንስ የዐቃቤ ሕግ መመሪያ ላይ ይግቡ፤ ክስ የሚመሠርተው ሰው በስድስቱም ላይ በጽሑፍ መልስ ሳይሰጥ መዝገቡ ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ። ቀላል ነገር ነው፤ የማይረቡ ክሶችን ከበሩ ላይ ይመልሳል። ከክስ በታች ያለው ንግግር ደግሞ ያለ መልስ ይቅር ማለት አይደለም። በቀጣሪው ዘንድ በዲሲፕሊን የሚታይ አለ፣ በፍትሐ ብሔር የሚያስጠይቅ አለ፣ በሌላ ንግግር ብቻ የሚመለስ አለ። የወንጀል ሕግ የመጨረሻው መሣሪያ ነው።

አማኙን ትቶ እምነቱን ለመጠበቅ መሞከር

ይህ ስህተት በጎ ሐሳብ ያላቸውን መንግሥታት ጭምር ይይዛል። ሃይማኖት እንዳይሰደብ ሕግ ብናወጣ ግጭት ይቀንሳል ብለው ያምናሉ። የፓኪስታን ልምድ ተቃራኒውን ያሳያል። በ1986 ወደ ወንጀል ሕጉ የገባው አንቀጽ 295 ሐ ነቢዩን መሳደብ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት እንዲያስቀጣ ደነገገ። ግጭቱ አልበረደም፤ በጎረቤት ቂም የተነሡ ክሶችና የመንጋ ጥቃቶች ተከተሉ። ሕጉ ይሻሻል ያሉት የፑንጃብ ገዥ ሳልማን ታሲር በጥር 2011 በገዛ ጠባቂያቸው ተገደሉ። በዚያው ዓመት መጋቢት መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአናሳዎች ጉዳይ ሚኒስትሩ ሻህባዝ ባቲ በተመሳሳይ ምክንያት በጥይት ተመቱ።

በዚያው መጋቢት ወር፣ ሚኒስትሩ በተገደሉ በሳምንታት ውስጥ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ውሳኔ 16/18ን አጸደቀ። ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ «የሃይማኖቶችን ስም ማጥፋት» የሚያወግዙ ውሳኔዎች በየዓመቱ ይቀርቡና ምክር ቤቱን ለሁለት ይከፍሉት ነበር። 16/18 ግን ትኩረቱን ወደ ሰዎች አዞረው፤ በእምነታቸው ምክንያት መድልዎና ጥቃት ወደሚደርስባቸው። የተቃወመው አልነበረም።

መስመሩ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል ማለት ግን ሞኝነት ነው። ዴንማርክ አሮጌውን የእምነት ስድብ ሕጓን በ2017 ሰረዘች። የቁርኣን ማቃጠል ተደጋግሞ የደኅንነትና የዲፕሎማሲ ራስ ምታት ሲሆንባት በታኅሣሥ 2023 ቅዱሳት መጻሕፍትን በአደባባይ ማዋረድን የሚከለክል ሌላ ሕግ አወጣች። አንዳንዶች ይህን ሽንፈት ሌሎች ብልሃት ይሉታል። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ፤ ጥያቄው መጽሐፉ ነው ወይስ መጽሐፉን የሚያነበው ሰው የሚለው ካልተመለሰ ቀጣዩ ክርክር ስለ ሥዕል፣ ከዚያም ስለ ቀልድ መሆኑ አይቀርም።

አክራሪነትን በጢምና በአለባበስ መፈለግ

ጽንፈኝነትን ከሃይማኖተኝነት ብዛት ጋር ማያያዝ በጣም የተለመደ ነው። ወጣቱ ጸሎት አበዛ፣ አለባበሱን ለወጠ፣ ሙዚቃ ተወ፤ ስለዚህ ይጠርጠር። የዚህ አስተሳሰብ ድክመት በማስረጃ ታይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 ባወጣው ጥናት በአፍሪካ ወደ ጽንፈኛ ታጣቂ ቡድኖች በፈቃዳቸው የገቡ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን አነጋግሮ ነበር። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ፣ 51 በመቶ፣ ሃይማኖትን እንደ ምክንያት ጠቅሰዋል። ነገር ግን 57 በመቶዎቹ ስለ ሃይማኖታዊ መጻሕፍት ያላቸው ዕውቀት ጥቂት ወይም ከናካቴው የሌለ መሆኑን ራሳቸው አምነዋል። ከዚህም ይበልጥ የሚገርመው፣ ቢያንስ ስድስት ዓመት ሃይማኖታዊ ትምህርት የተማረ ሰው ወደ እነዚህ ቡድኖች የመግባት ዕድሉ እስከ 32 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ማሳየቱ ነው።

ይህ ማለት በየሃይማኖት ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሰላይ የሚያቆም መንግሥት ምናልባት መከላከያውን ራሱን እያዳከመ ነው። እምነቱን በቅጡ የተማረ ሰው አንድ ጥቅስ ከመሐል ተቆርጦ ሲቀርብለት ከፊትና ከኋላ ያለውን ይጠይቃል። ያልተማረው የቀረበለትን ይውጣል።

በብሪታንያ «ፕሪቬንት» የሚባለው መርሐ ግብር የደረሰበት ፈተና ለሌሎች ትምህርት ነው። በ2015 በወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና የአካባቢ አስተዳደሮች ሰዎች ወደ ሽብር እንዳይሳቡ የመከላከል ግዴታ ተጣለባቸው። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን አንድ የሂሳብ መምህር አጭር ሥልጠና ወስዶ ተማሪው አፈንጋጭ ሐሳብ ሲናገር አመፀኛነቱን ከጉርምስናው ለይ ሲባል፣ ለራሱ የሚሻለው ሪፖርት ማድረግ ነው። ተቺዎቹ የሚሉት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ መጠየቅ ፈሩ፣ ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ስልካቸው ሄዱ ነው። ስልኩ ውስጥ ደግሞ የሚመልስላቸው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የመርሐ ግብሩ ደጋፊዎች በበኩላቸው በጊዜ የተደረሰባቸውና የተረፉ ወጣቶችን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው መምህሩ ከመጠቆሙ በፊት የሚያማክረው፣ ፖሊስ ያልሆነ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

የዚሁ ስህተት ሌላው ገጽ ዓይንን በአንድ ሃይማኖት ላይ ብቻ መትከል ነው። በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች በመጋቢት 15 ቀን 2019 አንድ የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎችን ገደለ። ጉዳዩን የመረመረው የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን በ2020 ባወጣው ሪፖርት የደኅንነት ተቋማት አቅማቸውን አላግባብ በእስላማዊ ጽንፈኝነት ላይ አከማችተው እንደነበር ገለጸ። ኮሚሽኑ ይህ ባይሆን ኖሮ ጥቃቱ ይከሽፍ ነበር አላለም፤ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ነገር ግን እንደ ሥጋት ሲታይ የኖረው ማኅበረሰብ ራሱ የጥቃቱ ሰለባ ሆኖ መገኘቱ ማንኛውንም የስጋት ትንተና ክፍል ሊያስደነግጥ ይገባል።

በጉልበት መጀመር

ናይጄሪያ ውስጥ ቦኮ ሐራም በ2009 ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ሲጋጭ መሪው ሞሐመድ ዩሱፍ በሠራዊቱ በሕይወት ተይዞ ለፖሊስ ተላልፎ ተሰጠ። በፖሊስ እጅ ሳለ ያለ ፍርድ ተገደለ። ለጊዜው ነገሩ ያለቀ መሰለ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ በአቡበከር ሼካው መሪነት ከበፊቱ እጅግ ጨካኝ ሆኖ ተመለሰ፤ እስር ቤት ሰበረ፣ በ2011 በአቡጃ የተባበሩት መንግሥታትን ሕንፃ በቦምብ መታ። ዩሱፍ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ችሎት ፊት ቆሞ ስለ ሰበካው ውጤት የሚጠየቅ ሰው ለተከታዮቹ ሰማዕት ሆኖ ለመታየት ብዙ ይቸገራል።

ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የ2017 ጥናት በዚህ ነጥብ ላይ የሰጠው አኃዝ በየጸጥታ ተቋሙ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል መልካም ነው። በፈቃዳቸው ከገቡት መካከል 71 በመቶው የመጨረሻውን ውሳኔ እንዲወስኑ ያደረጋቸው የመንግሥት ድርጊት እንደሆነ ተናግረዋል፤ የቤተሰብ አባል ወይም የጓደኛ መገደል፣ የቤተሰብ አባል ወይም የጓደኛ መታሰር የመሳሰለው። እንግዲህ አንድ ምሽት ላይ በጅምላ የሚደረግ አፈሳ ሃምሳ ሰው ይዞ ሁለት ተፈላጊ ቢያገኝ፣ ስኬቱ በሪፖርት ይመዘገባል። በቀሩት አርባ ስምንት ቤቶች የተፈጠረው ግን የትም አይመዘገብም።

መሣሪያ ያነሣ ቡድን በሐሳብ ብቻ ይመለሳል የሚል የዋህ የለም። ጉዳዩ የተያዘው ሰው ምን ይደረጋል፣ የት እንዳለ ለቤተሰቡ ይነገራል ወይ፣ በስንት ሰዓት ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ስህተት ከተሠራ ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው የሚለው ነው። እነዚህ የፖሊስ አሠራር ጥያቄዎች ይመስላሉ። በተግባር የስትራቴጂው እምብርት እነሱ ናቸው።

መስመሩን መዝጋት፣ ወይም ፍርዱን ለኩባንያ መስጠት

ስሪላንካ በመጋቢት 2018 በካንዲ አካባቢ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት በተነሣ ጊዜ ዋና ዋናዎቹን ማኅበራዊ ሚዲያዎች ዘጋች። በ2019 በፋሲካ ዕለት አብያተ ክርስቲያናትና ሆቴሎች ላይ ከ250 በላይ ሰዎች የተገደሉበት ጥቃት ሲደርስም እንዲሁ አደረገች። መዝጋት የሚያስገኘው ፋታ አለ፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ወሬውን የሚያሰራጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማለፊያ መንገዱን ያውቃል፤ «ልጄ ደህና ነው ወይ» ብላ የምትጠይቀው እናት ግን አታውቅም። ውሸቱን የሚያስተባብለው ጋዜጠኛና የሰፈር ሽማግሌም አብረው ይዘጋሉ።

የስሪላንካ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ትምህርት አለው። ከፋሲካው ጥቃት በፊት ሕንድ ማስጠንቀቂያ ልካ ነበር። የአገሪቱ ሙስሊም ማኅበረሰብ ተወካዮችም ስለ ጥቃቱ መሪ ከዓመታት በፊት ለደኅንነት ሰዎች ማመልከታቸውን በኋላ ላይ በይፋ ተናግረዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2023 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ማይትሪፓላ ሲሪሴና ጥቃቱን ለመከላከል የሚገባቸውን ባለማድረጋቸው 100 ሚሊዮን ሩፒ ካሣ እንዲከፍሉ ወሰነ። ኅብረተሰቡ ተናግሮ ነበር። የሰማ አልነበረም፤ ከዚያ ኢንተርኔት ተዘጋ።

ሌላው መንገድ ኩባንያዎችን በቅጣት ማስፈራራት ነው። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ ትልልቅ ማኅበራዊ ሚዲያዎች በግልጽ ሕገ ወጥ የሆነን ጽሑፍ አቤቱታ በቀረበ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ፣ አሠራራቸው ከጎደለ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ እንዲቀጡ ደነገገች። ፈረንሳይ በ2020 ተመሳሳይ ነገር ስትሞክር የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ ዋናውን ክፍል ሻረው፤ ሰዓቱ አጭር፣ ቅጣቱ ከባድ፣ ዳኛ በመሐል የሌለ ከሆነ ኩባንያው ሕጋዊውንም ማንሣት ይቀለዋል በሚል ምክንያት። ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም። ዩቲዩብ በ2017 ጽንፈኛ ይዘትን በማሽን መለየት ሲጀምር በሶርያ የተፈጸሙ ግፎችን የሚያሳዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች አብረው ተነሥተው ነበር፤ ለፍርድ ማስረጃ ሊሆኑ የሚችሉ ቪዲዮዎች።

በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ማያንማር አለች። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በ2018 ፌስቡክ ሮሂንጊያ በተባሉት አናሳ ሙስሊሞች ላይ ጥላቻ ለማሰራጨት መሣሪያ መሆኑን ገልጸዋል፤ ኩባንያውም በቂ አለማድረጉን በኋላ አምኗል። ቋንቋውን የሚያነቡ ሠራተኞቹ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ጥቂት ተናጋሪ ወይም ጥቂት ገበያ ያለው ቋንቋ የሚነገርበት አገር መንግሥት ከኩባንያ ጋር ሲደራደር ከሰዓት ገደቡ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ነገር አለ፤ ይህን ቋንቋ የሚያነብ ስንት ሰው አላችሁ? ሽሙጡንና ቅኔውን የሚረዳስ? የተነሣበት ሰው ይግባኝ የሚለው ለማን ነው?

መንግሥት ራሱ ሰባኪ ሲሆን

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «እንደገና አስብ፣ ተመለስ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ዘመቻ ከፍቶ ትዊተር ላይ ከጽንፈኞች ጋር እሰጥ አገባ ገብቶ ነበር። ውጤቱ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ከአንድ ታላቅ መንግሥት ጋር ፊት ለፊት ሲከራከሩ መታየት ሆነ። ስም አተረፉ። ብሪታንያ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረች፤ የመንግሥት እጅ እንዳይታይ በማኅበረሰብ ድርጅቶች በኩል መልእክት ማሰራጨት። በ2016 ጋዜጦች ሲያጋልጡት ጉዳቱ የደረሰው በትክክል ለሥራው በሚያስፈልጉት ሰዎች ላይ ነው፤ ከመንግሥት ጋር ግንኙነት የሌላቸው የማኅበረሰብ ሠራተኞች ሳይቀሩ የደኅንነት ሰው ተባሉ።

የሃይማኖት አባቶችን በተመለከተም ያው ነው። ከመንግሥት የተጻፈ መግለጫ እንዲያነቡ የሚደረጉ አባቶች በሁለተኛው መግለጫ ላይ ተሰሚነታቸው ያበቃል። በየምሽቱ ቴሌቪዥን ላይ የሚታዩትን ትቶ፣ አንዳንዴ መንግሥትንም የሚወቅሱትን መፈለግ ይሻላል። መንግሥትን ደፍሮ የወቀሰ ሰው ጽንፈኛውን ሲወቅስ ይደመጣል። ይህን መቀበል ለብዙ ባለሥልጣን ይከብዳል።

የራስን ሰው ማለፍ

በሩዋንዳ ሬዲዮ ሚል ኮሊን የተባለው ጣቢያ በ1993 ሥራ ሲጀምር መሥራቾቹና ባለ አክሲዮኖቹ ለሥልጣን የቀረቡ ሰዎች ነበሩ። በ1994 በቱትሲዎች ላይ እልቂት ሲፈጸም የሰዎችን ስምና ያሉበትን ቦታ እየጠራ ለገዳዮች ያሳውቅ ነበር። ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2003 ሁለት የሬዲዮውን መሥራቾችና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ በጥፋተኝነት ፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው በ2007 የተወሰኑትን ውሳኔዎች ሽሮ ቅጣቱን ቢቀንስም። የሚያስገነዝበው ነገር፣ አገሪቱ ውስጥ ሕግ አለመጥፋቱን ነው። የጠፋው ሕጉን በራሱ ወገን ላይ የሚፈጽም ሰው ነበር።

ከእልቂቱ በኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ በ2008 «የዘር ማጥፋት ርዕዮተ ዓለም»ን የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ትርጉሙ ልቅ በመሆኑ ተቃዋሚዎችንና ጋዜጠኞችን ለመክሰስ እንደዋለ በሰፊው ተተቸ፤ በ2013 ተሻሻለ፣ በ2018 እንደገና ተተካ። የአንድ አገር ታሪክ ሁለቱንም ጫፎች ይዟል፤ አስፈላጊ በሆነበት ጊዜ ያልተሠራበት ሕግ፣ ከዚያም ከሚያስፈልገው በላይ የተዘረጋ ሕግ።

መመዘኛው ቀላል ነው። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከገዥው ወገን ስንት ሰው ተጠየቀ? መልሱ «አንድም» ከሆነ፣ ሕዝቡ ሕጉን በምን ስም እንደሚጠራው ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

መውጫ በር ሳያዘጋጁ «ውጡ» ማለት

ከጽንፈኛ ቡድን መውጣት የሚፈልግ ሰው ከፊቱ እስር፣ ከኋላው የቀድሞ ጓዶቹ ጥይት ካለ፣ ባለበት ይቆያል። የዴንማርኳ አርሁስ ከተማ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት ከ2007 ጀምሮ የገነቡት አሠራር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ወደ ሶርያ ሄደው ለተመለሱ ወጣቶች ወንጀል መፈጸማቸው ከተረጋገጠ ክስ፣ ካልሆነ ግን ሕክምና፣ ትምህርት፣ ሥራ የማግኘት ድጋፍና በግል የሚከታተላቸው አማካሪ ይሰጣቸው ነበር። ለወላጆችም የራሳቸው የመመካከሪያ ቡድን ነበራቸው። የከተማው ፖሊስ እንደገለጸው በ2013 ከአርሁስ ወደ ሶርያ የሄዱት 30 ያህል ነበሩ፤ በ2014 አንድ ብቻ። ይህን ቅናሽ ያመጣው መርሐ ግብሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ወላጆች ወደ ፖሊስ መደወል ጀምረው ነበር፤ ልጃቸው በማግስቱ እንደማይታፈስ ስላወቁ።

በዚህ በኩል ደግሞ የዋህነት ያስቀጣል። በኅዳር 2019 በለንደን ድልድይ አጠገብ ሁለት ሰዎችን የገደለው በሽብር የተፈረደበትና በአመክሮ የተፈታ ሰው ነበር፤ ጥቃቱን የጀመረውም ስለ እስረኞች ትምህርትና ተሐድሶ በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ተጋብዞ ነው። ተሐድሶ ያለ ክትትል ቁማር ነው። ተስፋ ሰጪ ንግግር የሚያደርገውን ሰልጣኝ «ተለውጧል» ብሎ ለመፈረም የሚቸኩል ባለሙያ ሳይሆን፣ ለዓመታት በጥንቃቄ የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ለዚህም በጀት። አብዛኞቹ መርሐ ግብሮች በሁለት ዓመት ፕሮጀክት የሚታቀዱ መሆናቸው ነገሩን ያበላሸዋል።

የሚቆጠረውን ብቻ መቁጠር

የተሰጡ ሥልጠናዎች፣ የተነሡ ጽሑፎች፣ የተከፈቱ መዝገቦች። እነዚህ ሪፖርት ያሳምራሉ። የተመዘገበ የጥላቻ ወንጀል ቁጥር መጨመርም ሁልጊዜ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ተጎጂዎች ፖሊስን ማመን ሲጀምሩ ቁጥሩ ይወጣል፣ ተስፋ ሲቆርጡ ይወርዳል። ይልቅ መከታተል የሚገባው ይህ ነው፤ ከተጎጂው ማኅበረሰብ ስንት ሰው ራሱ መጥቶ አመለከተ፣ መልስ እስኪያገኝ ስንት ቀን ፈጀበት፣ ሁለተኛ ጊዜ ችግር ሲገጥመው ተመልሶ መጣ ወይ።

ጅብ ከሄደ መጮኽ

ትልቅ ጥቃት በደረሰ ሰሞን ፓርላማ ሕግ ሲያወጣ ማንም አይቃወምም። ለዚህም ነው በዚያ ሰሞን የሚወጡ ሕጎች ከሁሉ የሚያስፈሩት። ኒው ዚላንድ ከክራይስትቸርች በኋላ የተለየ ቅደም ተከተል ተከትላለች። ማስረጃው ግልጽ በነበረበት በጦር መሣሪያ ጉዳይ በአንድ ወር ውስጥ ሕጓን አጠበቀች፤ የጥላቻ ንግግርን ግን የአጣሪ ኮሚሽኑን ሪፖርት ጠብቃ ለሕዝብ ውይይት አቀረበች። ውይይቱ ጠንካራ ተቃውሞ ገጠመው፤ ረቂቁ እየጠበበ ሄዶ በ2023 ጨርሶ ተነሣ። ለውጡን የጠበቁ ሙስሊሞች ቅር ተሰኝተዋል፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነው። ቢሆንም በድንጋጤ ሳምንት ወጥቶ ለሃያ ዓመት ከሚቆይ ልቅ ሕግ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

በቀውስ ሰሞን ሕግ ማውጣት የግድ ከሆነ ሁለት ድንጋጌዎች አብረው ይግቡ። አንደኛው የማብቂያ ቀን ነው፤ ፓርላማው እንደገና ካላጸደቀው ሕጉ በራሱ የሚቀርበት። ሁለተኛው በሕጉ መሠረት የተከሰሱ ሰዎችን ብዛት፣ የተከሰሱበትን ንግግር ዓይነትና የፍርዱን ውጤት መንግሥት በየዓመቱ ለሕዝብ የሚያሳውቅበት ግዴታ ነው። ረቂቁን ያቀረበው ሚኒስትር ሁለተኛውን ከተቃወመ፣ ለምን እንደሆነ እዚያው ስብሰባ ላይ ይጠየቅ።